መስመሩ ነው

ጋሽ አዳሙ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ባሕር ዳር ፀጉር ቤት ተቀምጬ ነው። የደወለልኝ ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው። ስለ ሥራ ስንጫወት ቆይተን፣ መናኸሪያው አጠገብ የነበረችውን የጋሽ አዳሙን ሱቅ ሌላ ሰው ተከራይቶ የስልክ ሽፋን እየሸጠባት መሆኑን በወሬ መሀል ጣል አደረገልኝ።

«ጋሽ አዳሙስ?» አልኩት።

«ውይ፣ አልሰሙም እንዴ መምህር? አርፈዋል እኮ። ቡሬ፣ አገራቸው ነው የተቀበሩት።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንሥቶ ጠበቀኝ። ግማሽ ራሴ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል። ልጁ ግን ወሬውን አልጨረሰም። «እጃቸው የነካው ነገር ሁሉ ይድን ነበር። የእትዬ ስንዱን ቤት ብቻ ነው አቃታቸው የሚባለው» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ስለዚች የመጨረሻ ቃል ነው። ሞታቸውንማ ምን አደርገዋለሁ፤ ሰው ይሞታል። ይህች «አቃታቸው» የምትለዋ ግን የሳቸው አይደለችም።

ጋሽ አዳሙ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ቴስተር ካቻቪቴ አይጠፋም። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሰው ሲያናግራቸው በቀኝ ጎናቸው ዞር ይላሉ፤ የማያውቃቸው ሰው የናቁት ይመስለዋል። በደርግ ጊዜ የጦሩ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙው ወታደር ሜዳ ላይ ተበትነው በእግራቸው ቡሬ ገቡ። ከዚያ ፍኖተ ሰላም መጥተው በአሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ፤ ዘመኑ ሲለወጥ ቴፕ፣ ከዚያ ሞባይል፣ በመጨረሻም የቤት ኢንተርኔት።

አንድ ዕቃ ሲሰጣቸው ከመፍታታቸው በፊት መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። ትኩሳት እንዳለው ሕፃን ነው የሚዳብሱት። ከዚያ ይጠይቃሉ። «ያሰቡትን ይተዉት፤ ያዩትን ይንገሩኝ።» ደንበኛው ያሰበውን መናገር ከቀጠለ ዝም ብለው ካቻቪቴያቸውን መጥረግ ይጀምራሉ። ሲሠሩም አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካሉ፣ ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። «ሁለት ነገር ነክተው ቢድንስ? የትኛው እንዳዳነው በምን ያውቃሉ?» ይላሉ። ደንበኛ መጠበቁ ቢያንገበግበውም እሳቸው እንደሆኑ ንቅንቅ አይሉም።

ከሁሉ በላይ የሚጠሏት ቃል «መስመሩ ነው» የምትለዋን ነበር። አገሩ ሁሉ በዚያ ቃል ነው የሚኖረው። ባንክ ብትሄድ መስመሩ ነው፣ ቢሮ ብትሄድ መስመሩ ነው። እኔም መጀመሪያ ሱቃቸው የሄድኩ ዕለት ስልኬን አቀብዬ «መስመሩ ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

«አይተውታል?»

«አይ፣ እንዲያው...»

«እንግዲያው አይበሉ መምህር። መስመሩ ነው ማለት አላየሁም ማለት ነው።»

ተቀየምኩ። ሀያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ሰው እንዲያርመኝ አልወድም። በኋላ ስንግባባ ነው ምክንያቱን የነገሩኝ። ሰሜን በነበሩ ጊዜ አንድ ኮረብታ ላይ የሰፈረ የወታደር ጓድ ከጠዋት ጀምሮ ዝም አለ። ሙሉ ቀን ጠሩት። አዛዡ በመጣ ቁጥር «መስመሩ ነው፣ አስተካክለው» ይላቸዋል። «ሬዲዮው ደህና ነበር መምህር፤ የሚመልስ ሰው ነው ያልቀረው። እኔ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀዋል። ግን ሁለታችንም እስኪመሽ መስመሩ ነው ስንል ዋልን።» ይህን ብለው የያዙትን ብሎን ቦታው መለሱ።

እኔ የምኖረው እትዬ ስንዱ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ስንዱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ወዲያና ወዲህ የማይሉ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ አለቻቸው፤ ሙሉነሽ። ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው፣ በፈለገችው ቀን ተነሥታ መምጣት አትችልም። ያን ዓመት እትዬ ስንዱን ጉሮሯቸውን አመማቸው። ባሕር ዳር ታይተው ሲመለሱ ድምፃቸው አብሯቸው አልተመለሰም። ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ፤ እሷ ደግሞ ትንፋሻቸውን ብቻ እየሰማች ታለቅሳለች።

ሙሉነሽ የቤት ኢንተርኔት እንዲገባላቸው ያደረገችው ለዚህ ነው። ካሜራም ከቡሬ ተገዝቶ መጣ፤ ከአልጋቸው ትይዩ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ቤይሩት ሆና በስልኳ ከፍታ እናቷን እንድታይ ነው። ስልኳን በነፃነት የምትይዘው ግን እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር፣ እመቤቲቱ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ብቻ ነው። በሳምንት አንዲት ሰዓት።

እትዬ ስንዱ ከዚያች ሰዓት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ልጃቸውን መመረቅ። ድምፅ ስለሌላቸው በእጃቸው ይመርቃሉ፤ ልጅቱ ደግሞ እያየች አሜን ትላለች። ታናሽ እህታቸው እትዬ የሺመቤት ልታስታምማቸው ከጅጋ መጥታ ነበርና ቀርጸን እንላክላት ብላ ብትጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሜን የሚል ሰው በሌለበት ለግድግዳ አልመርቅም ነው ነገሩ።

የመጀመሪያው እሁድ ምስሉ ለሙሉነሽ እየቆመ፣ እየተቆራረጠ አስቸገረ። ጋሽ አዳሙ ተጠሩ። ገብተው ራውተሩ የት እንዳለ ጠየቁ። እትዬ የሺመቤት ኮራ ብላ ቡፌውን ከፈተች። ራውተሩ ከጥሩዎቹ ብርጭቆዎች ጋር መስተዋት ውስጥ ተቆልፎ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ጋሽ አዳሙ መዳፋቸውን ዳንቴሉ ላይ አሳርፈው «ታፍኗል» አሉ። ራውተሩ ወጥቶ ክፍት ቦታ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ዳንቴሉ ለስኳር መያዣው ተረፈ። ሌላ ነገር አልነኩም። ቀጥለው ስልካቸውን እዚያው ቤት ውስጥ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ካሜራውን ከፈቱ። እትዬ ስንዱ ጥርት ብለው ታዩ።

«ቤት ውስጥ ይታያል። ቤይሩት አይታይም። እንግዲህ ካሜራው ደህና ነው ማለት ነው» አሉኝ። «ይኸውልዎ መምህር፣ ይህ መስመር ወደ እኛ ሲገባ ሰፊ ነው፤ ከእኛ ሲወጣ ጠባብ ነው። ፊልም ሲያዩ በሰፊው በር ነው የሚመጣልዎ። የስንዱ ምስል የሚወጣው ግን በጠባቡ ነው። ጠባቡ በር ላይ የቆመ ነገር አለ።»

ቡሬ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ ነበራቸው፤ እዚያም የገመድ ኢንተርኔት አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ እየደወሉ ካሜራውን ከዚያ እንዲከፍትላቸው ያደርጋሉ። ሰኞ ጥርት ብሎ ታየው፣ ማክሰኞም፣ ዓርብም። ዳነ አልን።

ሁለተኛው እሁድ ግን የባሰ ሆነ። እትዬ ስንዱ ሲያስሉ ምስሉ እዚያው ቆመ፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ሄዶ። ሙሉነሽ ሀያ ደቂቃ ሙሉ ያየችው ያንን ነው። በመደበኛው የስልክ ጥሪ ደውላ ስትጮህ ድምፅዋ ከእትዬ የሺመቤት እጅ አልፎ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። «ሞታለች! ንገሩኝ፣ ሞታለች!» እናትየው አልጋው ላይ ሆነው ይሰማሉ፤ አለሁ ለማለት ድምፅ የላቸውም። የአልጋውን ብረት በቀለበታቸው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ያደርጉ ጀመር፤ ልጅቱ ግን አልሰማችውም።

ጋሽ አዳሙ ያን ዕለት ሲወጡ «ሰኞ የሌለ፣ እሁድ ያለ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። ደጋግመው ነው ያሉኝ። እኔም አብሬ አሰብኩ። ዕፁብ ድንቅ የሒሳብ አስተማሪ!

ሦስተኛው እሁድ አገኘሁት አሉ። ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፤ በሰፈሩ የቀረው የእትዬ ስንዱ ዋይፋይ ብቻ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሽተኛ ጠያቂው ይመጣል፣ ዳቦና ብርቱካን ያስቀምጣል፣ እግዜር ይማርሽ ይላል፣ ከዚያ ስልኩን ያወጣል። የይለፍ ቃሉን መከልከል ነውር ነው፤ እትዬ የሺመቤት በወረቀት ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች። ጋሽ አዳሙ ሰፌድ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙና የሚገባውን ሁሉ ስልክ ለአንድ ሰዓት ይስጡኝ አሉ።

ያ ጊዜ ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ጊዜ ነው። በየሰፈሩ አምስት አምስት ሰው ተደራጅቶ እርስ በርሱ ይተያያል። አንድ ጎረቤት ስልኩን ደረቱ ላይ አጣብቆ «ለማን ነው የሚሰበስቡት ጋሽ አዳሙ?» አላቸው። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እሳቸው ወደ ቀኝ ዞር ብለው «ለስንዱ ነው» አሉ። ስልኩ ሰፌዱ ላይ ተሰበሰበ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጋሽ አዳሙ ጆሮ ጠቢ ናቸው የሚል ወሬ ተነዛባቸው፤ ወራት ሙሉ ሱቃቸው ደጃፍ ሰው አልቆመም።

ስልኩ ሁሉ ተሰብስቦ ሲያልቅ ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ የእርስዎ ላፕቶፕስ?»

«ጠፍቷል» አልኩ።

አሁን እውነቱን ልናገር። እኔ በዚያን ጊዜ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ፊልም አቅራቢ ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ ተከታታይ ፊልም አወርዳለሁ፣ ሰኞ ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ ለባልደረቦቼ በፍላሽ እሰጣለሁ። የምጠቀምበት ፕሮግራም ያወረድከውን መልሶ ለሌላው ዓለም የሚያካፍል ነው፤ እያወረደ ይልካል፣ አውርዶ ሲጨርስም ይልካል። ይህን አውቃለሁ። በዚያ በጠባቡ በር የሚላክ መሆኑን ግን አላሰብኩትም፣ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም። ጠዋት ክዳኑን ዘግቼዋለሁ፤ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጌ ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። የምጠብቀው ክፍል ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ደግሞም ያ ሁሉ ሰው እያየ እኔም እንደ ጎረምሳ ልፈተሽ?

ጋሽ አዳሙ ሦስት እርምጃ ሄደው ክፍሌን መክፈት ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ያዩትን እንጂ የሰሙትን የማያምኑት ሰውዬ የመምህር ቃል ነው ብለው አመኑኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እትዬ ስንዱ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሙሉነሽ በስልክ «ከፍቻለሁ፣ እጇ ጭኗ ላይ ነው፣ አየኋት» አለች። እናትየው ሁለት እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸውን ወደ ካሜራው አዞሩ፤ ቀኙ ከግራው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች፣ ራስ እንደሚዳብሱ አድርገው አወረዱ፣ እንደገና አነሡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አሜኑን ጠበቁ።

«እየመረቀችሽ ነው እኮ!» አለች እትዬ የሺመቤት በስልኩ።

«አልታየኝም! እጇ ጭኗ ላይ ነው! ቆይ፣ ሊመጣ ነው፣ እንዳታወርደው በያት!»

እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ የሺመቤት ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ክርናቸውን በሁለት እጇ ደገፈችላቸው። እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ልጅቱ «ይመጣል፣ ይመጣል» ትላለች። አልመጣም። እጃቸው ወረደ። ለሚቀጥለው እሁድ ተባለ።

ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ስንዱ አረፉ።

እሁድ ጠዋት ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ እትዬ የሺመቤት ዓይኗ አብጦ ጋሽ አዳሙን ከድንኳኑ ጥግ ወሰደቻቸው። «ዘጠኝ ሰዓት ልትከፍተው ነው። ሰው ቤት ብቻዋን ሆና፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት ልትረዳ ነው? እዚያ ያሉ የአገሯ ልጆች ተሰብስበው መርዶውን እስኪነግሯት እንዳታውቅ። መስመሩ ነው በሏት። እርስዎን ታምናለች፣ በማርያም።»

ኢንተርኔቱን ሊያጠፉ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቤቱ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ነው፣ የጎረቤቱም ስልክ በኪሱ ዝም ብሏል። የራውተሩ መብራት ግን ያለ ዕረፍት ብልጭ ብልጭ ይላል። ጋሽ አዳሙ መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«ቤቱ ውስጥ ማንም የለም» አሉ። «ታዲያ ይህ ማን ነው የሚያወራው?»

 መልሴን አልጠበቁም። በጓሮ በር ወጥተው ክፍሌን ከፈቱ። ላፕቶፑ ክዳኑ እንደተዘጋ ጠረጴዛዬ ላይ ይጮሃል፤ ማራገቢያው ይሰማል። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ያን ያህል ጊዜ መዳፋቸውን አንድ ነገር ላይ ሲያቆዩ አይቼ አላውቅም።

«ያጥፉት መምህር» አሉኝ። አጠፋሁት።

ተመልሰው ቡሬ ደወሉ። ባዶ ቤት ስለሆነ የወዳጃቸው ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ። «ኧረ ዛሬ እንዴት ያለ ጥራት ነው ጋሽ አዳሙ! የአንሶላው ጥለት ሳይቀር ይታያል። ግን ሰው የለበትም፤ ተነሡ እንዴ?» ጋሽ አዳሙ «እሺ፣ አየሁ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ገመዱን ነቀሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእትዬ የሺመቤት ስልክ ጮኸ። አላነሣችውም፤ ለጋሽ አዳሙ አቀበለቻቸው። በሚሰማው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«ጋሽ አዳሙ? ዛሬ ጭራሽ ጠፋ እኮ። ምን ሆኖ ነው?»

እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«መስመሩ ነው ልጄ» አሉ።

«ለሚቀጥለው እሁድ ይደርሳል?»

«እኔ ነኝ ያቃተኝ ልጄ። እኔ ነኝ።»

አመሻሹ ላይ ተከትያቸው ሄጄ እናገራለሁ አልኳቸው። ሱቃቸውን እየቆለፉ ነበር። «ለማን? ለየሺመቤት? እህቷን መልሳ አታገኛት፣ እርስዎን ትጠላለች፣ ያው ነው። ደግሞ የእኔም አለበት። የሰውን ሁሉ ስልክ ተቀብዬ የእርስዎን መምህር ነው ብዬ አፈርኩ። ማየት ሲገባኝ ሰማሁ» አሉኝ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስበው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ሄደው ኢንተርኔት አልሠሩም፤ ወደ ሬዲዮኖቻቸው ተመለሱ።

ሙሉነሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ሱቃቸው የመጣች ዕለት እኔ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ጥቁሯን አላወለቀችም። «አራት እሁድ ጋሽ አዳሙ! አራት እሁድ ሙሉ አንድ መስመር አቃተዎ? ካልቻሉ ሌላ ሰው ይጥሩ አይሉም ነበር?» አለቻቸው፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ እየሰማ። እሳቸው ተነሥተው በቀኝ ጎናቸው ዞረው ሰሟት። «አቃተኝ ልጄ። ይቅር በይኝ» አሉ። ወደ እኔ ዘወር አላሉም፤ ዘወር ቢሉ ሰው ይጠረጥራል። እሷም ስትወጣ «ደህና ዋሉ መምህር» አለችኝ። ደህና ዋይ አልኳት። 

ከፀጉር ቤቱ እንደወጣሁ ለዚያ ተማሪዬ መልሼ ደወልኩና የሙሉነሽን ስልክ ቁጥር አፈላልጎ አመጣልኝ። ሙሉነሽ አሁን ደምበጫ አግብታ ትኖራለች። ደወልኩላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ላፕቶፑን፣ «ጠፍቷል» ያልኩትን፣ ጋሽ አዳሙ አይተው የደበቁልኝን። ስጨርስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ? ሄሎ?» አልኩ።

«አልተቋረጠም» አለች። «እየሰማሁ ነው።»

ከዚያ «እጇን እንዴት ነበር ያደረገችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ላስረዳት ሞከርኩ። ቀኙ ከግራው ከፍ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ፊት ዞሮ... ቃሉ አልመጣልኝም።

«በቪዲዮ ይደውሉና ያሳዩኝ መምህር።»

ቤቴ ውስጥ እየዞርኩ አንድ በአንድ አጠፋሁ። ቴሌቪዥኑን፣ የባለቤቴን ስልክ፣ ከዚያ ላፕቶፑን፤ መብራቱ ድርግም እስኪል ቆሜ አየሁት። ስልኩን ከመጽሐፍ ጋር አስደግፌ ደወልኩ። ፊቷ መጣ። እናቷን መስላለች።

«ይታያል?» አልኳት።

«ይታያል።»

ሁለት እጄን አነሣሁ፤ ቀኙን ከግራው ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ መዳፌን ወደሷ አዞርኩ፣ ቀስ ብዬ አወረድኩ፣ እንደገና አነሣሁ። ከዚያ እትዬ ስንዱ እንዳደረጉት ዘርግቼ ጠበቅሁ። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አላወረድኩትም።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች፣ መልሳ አነሣችው፣ እጄን አየች።

«አሜን» አለች።